ሹፌር የሚያስተኛ ሪፖርት

እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይሉ የለ፤ የእኔ ፍርሃት ግን ከእናቴ አልፎ ለባሌም ተርፏል። ባለቤቴ ከሐረር ድሬዳዋ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ድሬዳዋ ለመድረስ ደንገጎ የሚባለውን ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ባንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ ያን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስበት ኖሬያለሁ። ባሌ ሹፌር እስኪሆን ድረስ ግን ገደሉን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቤታችን ጀጎል ውስጥ፣ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ማታ መኪናውን ከግንቡ ውጭ ጥበቃ ያለው ግቢ ያሳድርና በእግሩ ይመጣ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍም፣ ልብስ ስተኩስም ጆሮዬ ደጅ ነው። የጫማው ኮቴ ድንጋዩ ላይ ሲሰማ ነበር ትንፋሼ የሚመለስልኝ። ሲያመሽ መደወል እፈራለሁ፤ እየነዳ ቢያነሳውስ? አለመደወልም እፈራለሁ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የተባለው ለእኔ ነው።

ባለፈው ክረምት እኔ የፈራሁት በሌላ ሰው ቤት ደረሰ። የባለቤቴ የቅርብ ጓደኛ፣ እሱም ሹፌር፣ ደንገጎ ላይ ከነተሳፋሪዎቹ ገደል ገብቶ ሞተ። ባለቤቴ ከኋላው ይነዳ ስለነበር መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። ፍሬን እምቢ ብሎት ነው ተባለ። ባሌም ለጠየቀው ሁሉ "ፍሬን ነው" አለ፤ ከለቅሶው በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ከአፉ አልወጣም። እንቅልፉም በዚያው ጠፋ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለው አይገላበጥም፤ ቢገላበጥ ይሻለኝ ነበር። በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። የጅብ ጩኸት፣ የውሻ ጩኸት፣ ከዚያ አዛን፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ደወል፤ ሁሉንም በየተራ ያዳምጥና ሲነጋ ቁልፉን ይዞ ይወጣል። እኔ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ያንን ሳይከደን ያደረ ዓይኑን ይዞ ደንገጎን ሲወርድ በሐሳቤ አብሬው እወርዳለሁ። አንዳንድ ቀን ከወንበሬ ላይ ሆኜ እግሬ ሳላውቀው ወለሉን ሲረግጥ አገኘዋለሁ።

ጫቱ ነገሩን አባሰው። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሁሉ አወዳይን ያልፋል፤ አወዳይ ደግሞ የጫት ገበያ ናት፣ ሹፌር ለሰላምታ እጁን በመስኮት ቢያወጣ ጫት ይቀመጥበታል። ባሌ ቀን እንዳያንቀላፋ ይቅማል፤ ማታ ምርቃናው አያስተኛውም፤ ሳይተኛ ስላደረ ደግሞ በነጋታው ይቅማል። "ኧረ ተው" ስለው "መሪ ላይ ላንቀላፋልሽ?" ይለኛል።

ያከራዩን አንዲት የሐረሪ እናት ናቸው፤ ግቢ አብረን ስለምንኖር የሚደበቃቸው ነገር የለም። "ወላሂ የባልሽ ዓይን ጎድጉዷል" አሉኝ አንድ ቀን። "ወተት ሞቅ አድርገሽ ስጪው፣ ጫቱንም አላህ ያስጥለው። እኔ እንቅልፍ ሲያቅተኝ የአላህን ስም እየደጋገምኩ ዚክር አደርጋለሁ፣ ሳላውቀው ይነጋል።" ወተቱን ሰጠሁት። ዚክሩን ወደ እኛ ቤት ላምጣው ብዬ መዝሙር ከፈትኩለት፤ ተነስቶ ቁጭ አለ። "መዝሙር ተጋድሜ አልሰማም፣ ነውር ነው" አለኝ። ሬዲዮ ከፈትኩለት፤ ዜና መጣ፣ የዘንድሮ ዜና ደግሞ የተኛን ይቀሰቅስ እንደሆን እንጂ ያልተኛን አያስተኛም። ከስልኬ ላይ ተረክ ፈልጌ አሰማሁት። ሰውየው ሚስቱን ይቅር ይላታል አይላትም እያለ ሲከራከረኝ ነጋ።

መሥሪያ ቤቴ ፈረስ መጋላ አጠገብ ነው። ሥራዬ ዕቅድና ሪፖርት ማዘጋጀት ነው፤ በየሩብ ዓመቱ ሠራተኛው ይሰበሰባል፣ እኔ ሪፖርቱን አነባለሁ። የመንግሥት ሪፖርት ሲነበብ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን መገመት አያቅተውም። የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ ከፊት ያሉት አገጫቸውን በእጃቸው ይደግፋሉ፣ መሐል ያሉት ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ከኋላ ያሉት ይተኛሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ "የእሷ ሪፖርት ፍራሽ ይፈልጋል" እየተባለ እንደሚቀለድብኝ የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። በጣም ተናድጄ ነበር። ድምፄ ለሬዲዮ ይሆናል ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለማግስቱ ስብሰባ ልለማመድ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና ሪፖርቱን ጮክ ብዬ አነብ ጀመር። ባሌ ከጎኔ ጋደም ብሏል። "ከአቅም ግንባታ አኳያ፣ ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረኮችን ከማመቻቸት አንጻር…" እያልኩ ሳለ ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ። ዞር ስል ተኝቷል። ታችኛው ከንፈሩ ለቀቅ ብሏል፣ ቀን ከሌት እንደተጨበጠ የሚኖረው ቀኝ እጁ ተፈቶ አውራ ጣቱ ወደ ጎን ወድቋል። ወራት ሙሉ ያላየሁት እንቅልፍ ነው። ዝም ብል ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁና ሪፖርቱ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ስለ አቅም ግንባታ እያነበብኩ እንባዬ ይወርድ ነበር።

በማግስቱ ሪፖርቱን በእሱ ስልክ ቀዳሁለት። ሰው ቀላል ይመስለዋል እንጂ ሆን ብሎ አሰልቺ መሆን ጥበብ ይጠይቃል። አእምሮው አላርፍ ያለ ሰው ፀጥታ አይጠቅመውም፤ ፀጥታው ውስጥ የራሱን ጉድ ያመጣበታል። የሚጥም ወሬም አይሆንለትም፤ ወሬውን ተከትሎ ይሄዳል። ለሚያለቅስ ሕፃን ማንኪያ እንደማስያዝ ነው፤ ማንኪያው አይበላም፣ እጁን ግን ይይዝለታል። ስለዚህ ድምፄ ከፍም ዝቅም እንዳይል ተጠነቀቅኩ። በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ "የትራፊክ አደጋን ከመከላከል አንጻር" የሚል አንቀጽ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ የባሌ ዓይን ይፈጥጣል። እሱን አውጥቼ በቦታው የችግኝ ተከላውን ደግሜ አነበብኩት።

ሲያልቅም እንደገና ከመጀመሪያው እንዲቀጥል አደረግኩት። አንድ ሌሊት የስልኩ ባትሪ አልቆ ድምፁ ድንገት ሲቋረጥ፣ ባሌ ከተኛበት ብድግ ብሎ ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ሰው ጨበጠና በቀኝ እግሩ ፍራሹን በኃይል ረገጠው። ፍሬን መያዙ ነው። እኔ ጮህኩ፣ እሱም ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ቻርጀር ላይ ሳይሰካ መብራት አላጠፋም።

ከዚያ በኋላ ግን ቤታችን ሰላም ገባው። ማታ ስልኩን ትራሱ አጠገብ ያስቀምጥና "ሰብሳቢዋ፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፣ ጀምሪ" ይለኛል። ይስቃል። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ ይለቀቃል። በእንቅልፉ መሐል "እሺ" ማለትም ለመደ፤ ድምፄ "ትኩረት ሊሰጠው ይገባል" ሲል እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ "እሺ" ይላል። ነቅቶ ሳለ ለአንድም ነገሬ እንዲህ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ጫቱን ቀነሰ፣ ፊቱ ሞላ። እኔ ያቺ ከንፈር ስትለቀቅ ለማየት ብዬ ነቅቼ እጠብቅ ነበር፤ ካየኋት በኋላ የእኔም ፍርሃት ቀለል ይለኝና እተኛለሁ። አከራያችን "ማሻ አላህ፣ ወተቱ ነው" አሉ። ወተቱ ነው አልኳቸው።

ታናሽ እህቴ ድሬዳዋ ወልዳ ስለነበር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራስ ልጠይቅ ከባሌ ጋር ወጣሁ። ረዳቱ አሞት ስለቀረ ሒሳብ መቀበሉን እኔ ልሥራ ብዬ ጋቢና ተቀመጥኩ። ከእኔ ኋላ ለቤተሰቡ የሚሄድ አንድ ወታደር፣ ከድሬ ጠያራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ የጫት ጭነታቸውን እግራቸው ሥር ያደረጉ ሴቶች ተሳፍረዋል። መኪናው ጢም ብሏል። ባሌ ተኝቶ ያደረ፣ የተላጨ፣ ደስ የሚል ሰው ነበር ያን ቀን። አወዳይን ሲያልፍ እጁን እንኳን በመስኮት አላወጣም።

ደንገጎ ጫፍ ደርሰን መውረድ ስንጀምር እናቱ ደወሉ። ስልኩ ከመኪናው ቴፕ ጋር በብሉቱዝ የተያያዘ ስለሆነ ስንሰማው የነበረው ሬዲዮ ተቋርጦ ጥሪው ጮኸ። እሱ እንዳያነሳ ብዬ እኔ አነሳሁና "እየወረድን ነው እማዬ፣ ስንደርስ እንደውላለን" ብያቸው ዘጋሁ። ስልኩ ግን ወደ ሬዲዮው አልመለሰንም፤ ማታ ካቆመበት ቀጠለ። በመኪናው ድምፅ ማጉያ ሁሉ የእኔ ድምፅ ወጣ። "የሁለተኛው ሩብ ዓመት ዋና ዋና ተግባራት አፈጻጸምን በተመለከተ…"

"የተሳፈርነው ስብሰባ ነው እንዴ?" አለ ወታደሩ። መኪናው በሳቅ ተሞላ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው "ተዪው ልጄ፣ መንግሥት ምን እንደሠራ እኛም እንስማ እንጂ" አሉ። ባሌም እየሳቀ "ተዪው፣ ዛሬስ በሕዝብ ፊት አነበብሽ" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ድምፄ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ በእውነት ያምር ነበር። ተውኩት።

ትንሽ እንደወረድን ሳቁ ጠፋ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ የሽማግሌው ራስ ደረታቸው ላይ ወድቋል፣ ወታደሩ መስኮቱን ተደግፎ አፉን ከፍቷል፣ ሴቶቹ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተኝተዋል። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። "እያቸው እስቲ" ልለው ወደ ባሌ ዞርኩ።

ታችኛው ከንፈሩ ለቀቅ ብሏል።

ዓይኑ አልተከደነም፣ መንገዱን የሚያይ ይመስላል፣ ግን አያይም። ቀኝ እጁን ተመለከትኩ፤ አውራ ጣቱ ከመሪው ላይ ወጥቶ ወደ ጎን ወድቋል። ስንት ሌሊት ነቅቼ በጉጉት የጠበቅኩት ምልክት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፊታችን መታጠፊያ እያለ መጣብኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መኪናው ቀስ እያለ ወደ መንገዱ መሐል መሳብ ጀምሯል። ከታች የሚወጣ የጭነት መኪና ሲያቃስት ይሰማኛል።

ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ብጮህ ይበረግጋል። ቴፑን ብዘጋው ያን ሌሊት ፍራሹን እንደረገጠው ፍሬኑን ይረግጣል፤ ሰው የሞላ መኪና በዚያ ቁልቁለት በአንዴ ቢያዝ የት እንደምናርፍ አውቀዋለሁ። መሪውን እንዳልነጥቀው እኔ መንዳት አላውቅም። እህቴን አሰብኳት፤ ገና ያላየሁትን ሕፃን አሰብኩ። ጀርባዬ በላብ ራሰ። መሞት እንዲህ ነው፣ ሁሉም ነገር ገብቶህ እጅህ ግን አይንቀሳቀስም፣ ብዬ አሰብኩ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ከተቀዳው ድምፄ ጋር እኩል፣ ከፍም ዝቅም ሳልል ማንበብ ጀመርኩ። የማነበው ወረቀት የለም።

"ከፍጥነት ቅነሳ አንጻር፣ እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።"

"እሺ" አለ ባሌ። እግሩ ተነሳ።

"በመቀጠልም፣ መሪውን በመጠኑ ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው አቅጣጫ መያዝ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።"

"እሺ።" መኪናው ወደ ቀኝ ሄደ። የጭነት መኪናው ከታች ብቅ ብሎ በአጠገባችን አለፈ፤ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊቴን መታኝ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ጭኔን በጥፍሬ ጨምድጄ ነበር። "ፍሬኑን ቀስ በቀስ፣ ደረጃ በደረጃ ከመያዝ አኳያ…" እያልኩ ቀጠልኩ። እሱ በየመሐሉ እሺ ይላል። ፍራፍሬ ሻጮች የሚቀመጡበት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ስንደርስ መኪናው እንደታመመ ሰው ቀስ ብሎ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ራሴ ሳብኩት። ከዚያ ቴፑን ዘጋሁ።

ባሌ ብርግግ ብሎ መሪውን ጨበጠ፣ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ግን ቆሟል። ዙሪያውን አየ፣ እኔን አየኝ።

"ምነው ቆምን?"

"ተኝተህ ነበር።"

"አልተኛሁም!" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ሁሉንም ስሰማ ነበር።"

"እሺ፣ መጨረሻ ላይ ምን አልኩ?"

ትንሽ አሰበ። "ችግኝ ተከላ" አለኝ።

መኪናውን ያቆመው ራሱ መሆኑን እንኳን አያውቅም። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ። የመኪናውን አፍንጫ ተደግፌ ቆምኩ። ባሌ በዚያኛው በር ወርዶ መጣና እጁን ዘረጋ።

"ቁልፉን ስጪኝ። ሰው ይዘናል፣ እንሂድ።"

"አልሰጥህም።"

"አሁን እኮ ነቅቻለሁ፣ እይኝ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ባለንብረቱ ከሰማ እንጀራዬ ተዘጋ።"

እውነቱን ነው፣ ነቅቷል። ዓይኑ ጥርት ብሎ ነበር። ላምነው በጣም ፈለግኩ፤ ቁልፉን ብሰጠው፣ ቴፑም ስለተዘጋ በሰላም እንደርስ ይሆናል። መኪና ውስጥ ያሉት ተኝተዋል፣ የሆነውን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም የለም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ከወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር የማልችል ሰው ነኝ። ባሌን ፈራሁት፣ ባሌን ማጣትም ፈራሁ፤ ገደሉን ዞሬ አየሁትና የኋለኛው በለጠብኝ።

የኋላውን በር ገፋ አድርጌ ከፈትኩ። "ሹፌሩ እንቅልፍ ይዞታል" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። "ውረዱ። ከእሱ ጋር አትሄዱም።"

ከሴቶቹ አንዷ "ያ ረቢ!" ብላ ጮኸች። ሌላዋ ስትወርድ ባሌን ረገመችው፤ የልጆቿን ቁጥር እየጠራች ረገመችው። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ወረዱና "ተዉ፣ አትጩሁ፣ ቆመን እየተነጋገርን ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አሏቸው። ወታደሩ የመንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፤ ካምፕ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳል። ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት። ባሌ ራሱን ደፍቶ ከሁላችን ኋላ ገባና መጨረሻው ወንበር ላይ መስኮቱን ይዞ ተቀመጠ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አላየኝም። ሰዎቹ ከፊታችን በኦሮምኛም በአማርኛም ስለ እሱ ያወራሉ፣ እሱም ይሰማል። ትዳሬ እዚህ ቁልቁለት ላይ አለቀ አልኩ በልቤ። ይቅር በለኝ ለማለት ፈለግኩና ደግሞ ተናደድኩ፤ ለምኑ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?

ብዙ ከወረድን በኋላ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያነሳ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ተናገረ።

"ፍሬን አልነበረም።"

ጠጋ አልኩት።

"ያን ቀን ሐረማያ ቁርስ ስንበላ፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ አንቀላፋ። ከዚያ ከኋላው ስነዳ መኪናው ሲዋልልበት አየሁ። ደንገጎ ጫፍ ላይ ቀድሜው አስቆምኩት። ቁልፉን ነጠቅኩት። 'ነቅቻለሁ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ' አለኝ።"

"አንተስ?"

"መለስኩለት" አለኝ። "ቁልፉን መለስኩለት።"

ወታደሩ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። የባሌን እጅ ያዝኩት፤ ድሬዳዋ እስክንገባ ድረስ አልለቀቅኩትም።